የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ ታሪክ በመዝገበ ዕውቀት ሲጻፍ በምን ይመዘናል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።



ዛሬ የምናከብረው በዓል ኢዮቤልዩ ይባላል። ቃሉ በትውልዱ ግዕዝም ጽርእም አይደለም፤ በዕብራይስጥ «ዮቤል» ማለት የአውራ በግ ቀንድ ነው። ያ ቀንድ በሃምሳኛው ዓመት ሲነፋ ባሪያ ነጻ ይወጣ፥ የተሸጠ ርስትም ወደ ባለቤቱ ይመለስ ዘንድ በኦሪት ታዘዘ። ሰብዓ ሊቃናት ኦሪትን ወደ ጽርእ ሲመልሱ ግን ቀንዱን ትተው ፍሬውን ያዙ፤ የኅድገት ዓመት፥ ይኸውም የመልቀቅ ዓመት፥ ብለው ጻፉ። ሌሎች ተርጓሚዎች ደግሞ የቃሉን ድምፅ እንዳለ ጠብቀው አሳለፉት፤ እኛም በዓላችንን የምንጠራው በዚያ በተጠበቀው ድምፅ ነው። እንግዲህ በአንዲት ቃል ውስጥ እንኳ ብዙ ቋንቋ፥ ብዙ እጅ፥ ብዙ ምርጫ ተሰውሮ ይኖራል። መጽሐፍ በሙሉ ሲተረጐምማ ምን ያህል ይሆን!

የትርጓሜን ነገር በዚህ መታሰቢያ መጽሐፍ ለማንሣት የወደድሁበት ምክንያት አለኝ። የዓለምን ዕውቀት ሁሉ በአጭር በአጭሩ የሚሰበስበው መዝገበ ዕውቀት፥ ኢንሳይክሎፔዲያ የሚሉት፥ ቀድሞ በትልልቅ ጥራዝ ታትሞ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ ነበር፤ ዛሬ ግን በስልክ ስለሚነበብ በየወጣቱ እጅ ገብቷል። ከእነዚህም መዛግብት በአንዳንዱ የወደደ ሁሉ ሊጽፍበትና ሊያርመው ይችላል። በሁሉም ዘንድ ስለ ክርስቲያን መጻሕፍት ትርጓሜ የሚናገር አንቀጽ አይታጣም። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይህን አንብበው ይመጡና «መጽሐፍ ቅዱሳችን ከዐረብ የተመለሰ ነው ይላል፤ እውነት ነውን?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ለሚጠይቅ ልጅ «አትስማ» ማለት መልስ አይሆንም፤ «የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው» ማለትም መልስ አይሆንም። የሚገባው ሚዛኑን ማስያዝ ነው። ስለዚህ ያ ሚዛን ምን ምን እንደ ሆነ፥ የገዛ መጽሐፋችንን ታሪክ መፈተኛ ድንጋይ አድርጌ ለማሳየት እሞክራለሁ። ዓ.ም. ብዬ ካላመለከትሁ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ይህ ነገር የሊቃውንት ብቻ ጭንቀት እንዳይመስላችሁ። በ403 ዓመት የሂፖው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ ለሄሮኒሞስ በላከው መልእክት የሚተርከው ነገር አለ። በሰሜን አፍሪቃ ኦያ በምትባል ከተማ፥ ዛሬ ትሪፖሊ በሆነችው፥ ኤጲስ ቆጶሱ ትንቢተ ዮናስን በሄሮኒሞስ አዲስ የሮማይስጥ ትርጕም አስነበበ። ሕዝቡ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው የኖረው አንድ ቃል ተለውጦ ስላገኘው ታወከ፤ ኤጲስ ቆጶሱም መንጋው እንዳይለየው ፈርቶ ንባቡን ለማረም ተገደደ። ከሄሮኒሞስ መልስ እንደምንረዳው ጠቡ የመጣው በዮናስ ራስ ላይ ጥላ በሆነችው ተክል ነው፤ የቀደመው ትርጕም ቅል ሲላት አዲሱ ሐረግ ብሏት ነበር። ስለ አንዲት ቅል አንዲት ቤተ ክርስቲያን ታወከች። ምእመን የሰማውን ቃል እንዲህ አጥብቆ ይይዛልና፥ የቃሉን ታሪክ የሚጽፍ ሰው እጁን ሊያከብድ አይገባውም።

1ኛ፤ ከምን ተመለሰ?

የትርጓሜን ታሪክ የሚናገር ጽሑፍ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው። «በዚህ ዓመት በዚህ ቋንቋ ተተረጐመ» ብሎ ቢያልፍ ገና ምንም አልነገረንም። ውኃ ከምንጩ ሲቀዳና ከወንዙ ሲቀዳ ጣዕሙ እንደሚለይ ሁሉ፥ ከዕብራይስጥ የተመለሰ፥ ከጽርእ የተመለሰና ከሮማይስጥ የተመለሰ መጽሐፍ እያንዳንዱ የየምንጩን ጣዕም ይዞ ይመጣል።

ስለ ግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ ዛሬ ሊቃውንቱ በብዛት የሚስማሙበት ነገር ይህ ነው። ሐዲስ ኪዳን ከጽርእ ተመለሰ፤ ብሉይ ኪዳን በእጃችን ባሉት ብራናዎች እንደሚታየው የሰብዓ ሊቃናትን ጽርእ ይከተላል፤ ሥራው የተሠራውም በአክሱም ነገሥታት ዘመን፥ ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ታዲያ «ከዐረብ ተመለሰ» የሚለው ነገር ከወዴት መጣ?

የመጣው ስማቸው አንድ ከሆነ ከሁለት ጳጳሳት ነው። ፊተኛው በ4ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ የተሾመው ፍሬምናጦስ፥ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ነው። ኋለኛው ደግሞ ከ1348 እስከ 1388 በኢትዮጵያ ጳጳስ የነበረው አቡነ ሰላማ መተርጕም ነው። በሁለቱ መካከል አንድ ሺህ ዓመት አለ። ኋለኛው ሰላማ ግብረ ሕማማትን የመሰሉ መጻሕፍት ከዐረብ ወደ ግዕዝ እንዲመለሱ የደከመ አባት ነው፤ ስንክሳራችንም ለእርሱ በሚያቀርበው ሰላምታ ይህን ድካሙን ያወሳል። በ19ኛው መቶ ዓመት ከኤውሮፓ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ያን ሰላምታ አንብበው፥ ከዐረብ የተመለሰው መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ ነው ወደሚል አሳብ አዘነበሉ። ከእነርሱ በኋላ የመጡት መርማሪዎች አሳቡን ቢያፈርሱትም፥ መዝገበ ዕውቀት ከመዝገበ ዕውቀት እየቀዳ ስለሚጻፍ ስሕተቱ እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል።

የስሕተቱ ምክንያት አንዲት እውነት በውስጡ መኖሯ ነው። የግዕዙ ወንጌል በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት ገደማ ከዐረብ ንባብ ጋራ እየተያየ ታርሟል። ነገር ግን ማረም ሌላ፥ መተርጐም ሌላ ነው። አሮጌ ቤት ጣሪያው በታደሰበት ዓመት ተሠራ አይባልም።

ለዚህ ማንም የፊደል ተማሪ ሊያስተውለው የሚችል ምልክት አለ። ፊደላችን ጰ የምትባል ፊደል አላት፤ ጴጥሮስ፥ ጳውሎስ፥ ጰራቅሊጦስ፥ ጳጳስ የምንለው በእርስዋ ነው። ዐረብ ይህ ድምፅ የለውም፤ ጴጥሮስን ቡጥሩስ፥ ጳውሎስን ቡሉስ ብሎ ይጠራል። ወንጌልም በጽርእ ኤዋንጌልዮን ከሚባለው ወጣ እንጂ ዐረብ ኢንጂል ከሚለው አልወጣም። ይህ ምልክት ብቻውን ነገሩን ባይፈጽመውም፥ ከብራናዎቹ ዕድሜ ጋራ ሲደመር ክብደት አለው።

ሁለተኛው በየመዝገቡ የሚታይ ነገር የሱርስቱ ነው። ከ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ወደ አገራችን የመጡት ተስዓቱ ቅዱሳን ከሶርያ ስለ ነበሩ ወንጌልን ከሱርስት መለሱ የሚል አሳብ ለብዙ ጊዜ ጸንቶ ኖረ። ለዚህ ይቀርብ የነበረው ማስረጃ ኦሪት፥ ጣዖት፥ ምጽዋት የመሳሰሉት ቃላት ከአራማይስጥ የመጡ መሆናቸው ነው። ቃላቱ በእውነት ከዚያ ናቸው። ነገር ግን በኢየሩሳሌም ያስተምር የነበረው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ፖሎትስኪ በ1964 ባሳተመው ጥናት፥ ከእነዚህ ቃላት የሚበዙት የሶርያ ክርስቲያኖች ሳይሆኑ የአይሁድ አራማይስጥ መልክ እንዳላቸው አሳየ። እንዲህ ከሆነ ቃላቱ ከተስዓቱ ቅዱሳን በፊት በአገሩ የነበሩ መሆን አለባቸው። ተስዓቱ ቅዱሳን ገዳማትን በመትከል፥ ሃይማኖትን በማጽናት የሠሩት ሥራ በዚህ አይቀንስም፤ የሚቀነሰው ያለ በቂ ማስረጃ የተጨመረላቸው ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ጽሑፍ ዛሬ ተጽፎ ሳለ የሱርስቱን አሳብ ያለ ምንም ማመንታት እንደ ተፈጸመ ነገር ቢያቀርብ፥ ጸሓፊው ከ1964 ወዲህ ያለውን አላነበበም ማለት ነው።

2ኛ፤ ምስክሩ ማን ነው?

ሁለተኛው ሚዛን ምስክር ነው። በፍርድ አደባባይ ያየ ሰው፥ የሰማ ሰውና የመሰለው ሰው እኩል አይቈጠሩም፤ በታሪክም እንዲሁ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአንጾኪያ የዮሐንስን ወንጌል ሲተረጕም፥ ሶርያውያን፥ ግብጻውያን፥ ሕንዳውያን፥ ፋርሶችና ኢትዮጵያውያን ትምህርቱን ወደየቋንቋቸው እንደ መለሱት ይናገራል። ይህ ለእኛ ክቡር ምስክር ነው። ነገር ግን አፈ ወርቅ በዚያ ስፍራ ሰባኪ ነው፤ የወንጌልን ስፋት ለማሳየት አሕዛብን በሩቁ ይጠራል እንጂ መጽሐፉን በእጁ ይዞ አላሳየም። በጎ ጽሑፍ ቃሉን ይጠቅሳል፥ የስብከት ቃል መሆኑንም አብሮ ያስታውሳል።

ከዚህ የሚከብደው በድንጋይ የተቀረጸው ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሠው ንጉሥ ካሌብ በአክሱም ባስጻፈው የድንጋይ ጽሑፍ ውስጥ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ቃል በግዕዝ ይገኛል። ድንጋይ ደግሞ በኋላ ዘመን እጅ አይታረምም። ስለዚህ መዝሙር በዚያ ዘመን በግዕዝ ይነገር እንደ ነበር ይህ ድንጋይ ይመሰክራል።

ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት የምናገኘው ግን ከአባ ገሪማ ወንጌል ነው። በዐድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ሁለት እጅግ ያረጁ የብራና ወንጌሎች ይጠበቃሉ። የገዳሙ ትውፊት አባ ገሪማ ወንጌልን በአንድ ቀን ጽፎ እንደ ፈጸመ፥ ፀሐይም እስኪፈጽም ድረስ እንደ ቆመችለት ይናገራል። የኤውሮፓ የሥዕል መርማሪዎች ግን ሥዕሎቹን ተመልክተው መጻሕፍቱ ከ1100 ዓመት ገደማ አይቀድሙም ብለው ለረጅም ጊዜ ጻፉ፤ መዛግብቱም ይህንኑ ገለበጡ። በኋላ ከብራናው ጥቂት ቅንጣት ተወስዶ በኦክስፎርድ በካርቦን ሲመረመር፥ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ሥዕሎቻቸው ሳይጠፉ እስከ ዛሬ ከኖሩ የወንጌል መጻሕፍት ሁሉ እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ወገን ሆኑ። ገዳሙ ያለ ማቋረጥ ሲናገረው የኖረው ጥንታዊነት ከሊቃውንቱ ግምት ይልቅ ወደ እውነት የቀረበ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ግን ደስታችን ሚዛናችንን እንዳይጥልብን እንጠንቀቅ። ምርመራው የነገረን የቆዳውን ዕድሜ ነው፤ የማን እጅ ጻፈው የሚለውን አልነገረንም። «ሳይንስ አባ ገሪማ በአንድ ቀን መጻፉን አረጋገጠ» ብሎ የሚጽፍ ሰው፥ «ትውፊት ሁሉ ተረት ነው» ብሎ ከሚጽፈው ጋራ አንድ ዓይነት በደል ይሠራል። ሁለቱም ምስክሩን ካልተናገረው ነገር ላይ አስምለውታል።

ስለ ብሉይ ኪዳንም ነገሩ እንዲሁ ነው። ትውፊታችን ኦሪት ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋራ ወደ አገራችን እንደ መጣችና ከዕብራይስጥ እንደ ተመለሰች ያስተምራል። በእጃችን ያሉት ብራናዎች ደግሞ በንባባቸው የሰብዓ ሊቃናትን ጽርእ ሲከተሉ ይታያሉ። መዝገበ ዕውቀቱ ትውፊቱን ጨርሶ ቢሰርዘው፥ አንድ ሕዝብ ራሱን እንዴት እንዳወቀ የሚናገረውን ታሪክ ይሰርዛል፤ ትውፊቱን እንደ ተመረመረ ማስረጃ ቢያቀርበው ደግሞ አንባቢውን ያስታል። የሚገባው «ቤተ ክርስቲያኒቱ እንዲህ ታስተምራለች፤ የተገኙት ብራናዎችም ይህን ያሳያሉ» ብሎ ሁለቱን በየወንበራቸው ማስቀመጥ ነው።

ይህ አካሄድ ከባዕድ የተዋስነው አይደለም። የአንድምታ መምህራኖቻችን አንዱን ኃይለ ቃል ሲተረጕሙ ሌላ ንባብ ያገኙ እንደ ሆነ «አብነት» ብለው ያመጡታል፤ ፊተኛውን አይደመስሱም፥ ኋለኛውንም አይሰውሩም። «አንድም» እያሉ አሳቡን በየወገኑ ያቆሙና ደቀ መዝሙሩን እንዲያመዛዝን ያስተምሩታል። በጉባኤ ቤት የተማረ ሰው የመዝገበ ዕውቀትን አንቀጽ ለመመርመር አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም፤ የተማረውን እዚያ ላይ ማዋል ብቻ ይበቃዋል።

3ኛ፤ በማን እጅ?

ሦስተኛው ሚዛን ለሠራተኛው ዋጋውን መስጠት ነው። በትርጓሜ ታሪክ ውስጥ ያሳተመው ሰው ስሙ ሲጻፍ የተረጐመው ሰው ስሙ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። የእኛ ታሪክ ለዚህ ሁለት ትልልቅ ምሳሌዎች አሉት፤ አንዱ በሮሜ፥ አንዱ በካይሮ የሆነ ነው።

በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው። በ1513 በሮሜ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን አሳተመው። ፖትከን ቋንቋውን የተማረው በሮሜ ይኖሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ነው፤ ነገር ግን ግዕዝን የከለዳውያን ቋንቋ መስሎት በዚያ ስም ጠራው። ከዚህ በኋላ በ1548 እና በ1549 እዚያው ሮሜ ሐዲስ ኪዳን በግዕዝ ታተመ። የዚህ ሥራ አለቃ አባ ተስፋ ጽዮን የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኵሴ ነበረ። እርሱና ጓደኞቹ የግብረ ሐዋርያት ብራና ሙሉ ሆኖ ስላልተገኘላቸው የጐደለውን እዚያው ሮሜ ከሮማይስጥና ከጽርእ እየመለሱ ሞሉት። ይህንንም አልደበቁም፤ ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ አብዛኛውን እንዲህ እንዳደረጉ ገልጠው ጻፉ፥ ስለ ጨመሩትና ስላጐደሉትም ይቅርታ ለመኑ።

ይህ ኑዛዜ ከሁሉም ጽሑፍ የሚበልጥ የታማኝነት ምሳሌ ነው። የሮሜው ዕትም በ1657 በለንደን ባለ ብዙ ቋንቋው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንደ ገና ታተመ፤ በኋላም የጽርእን ንባብ የሚመረምሩ ሊቃውንት «የኢትዮጵያ ንባብ» እያሉ ይጠቅሱት ጀመር። የተስፋ ጽዮንን ማስታወሻ ያላነበበ ሰው ግን በግብረ ሐዋርያት የጥንቱን የአክሱም ንባብ ጠቀስሁ ሲል፥ በ16ኛው መቶ ዓመት ከሮማይስጥ የተመለሰውን ሊጠቅስ ይችላል። ስለዚህ የመጽሐፍን መጨረሻ ገጽ ማንበብ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። አቡ ሩሚ የሚባለው ኢትዮጵያዊ መነኵሴ በ18ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ የተወለደ፥ እስከ ኢየሩሳሌም፥ እስከ ፋርስና እስከ ሕንድ የዞረ ሰው ነበር። በእርጅናው ወራት ካይሮ ደርሶ ታመመ፤ በዚያ የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል የነበረው አስሊን ደ ሸርቪል አስታመመው። ከዚያ በኋላ ከ1808 እስከ 1818 ዐሥር ዓመት ሙሉ፥ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ፥ ቆንስሉ በሩን ለእንግዳ ሁሉ ዘግቶ ከአቡ ሩሚ ጋራ ተቀመጠ። የዐረቡን መጽሐፍ ቀስ ብለው ያነቡ ነበር፤ አስቸጋሪ ቃል ሲመጣ ቆንስሉ ከዕብራይስጡ፥ ከሱርስቱና ከሰብዓ ሊቃናቱ ጽርእ እያየ ያስረዳል፤ አቡ ሩሚም ወደ አማርኛ ይመልሳል። ሲፈጸም ብራናው ሳይሆን ወረቀቱ ከ9,500 ገጽ በላይ ሆነ። አቡ ሩሚ ሥራው ከተፈጸመ በኋላ ብዙ ሳይቈይ በቸነፈር ሞተ፤ የድካሙን ፍሬ በኅትመት አላየም።

የእጅ ጽሑፉን በ1820 ዊልያም ጆዌት ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ወንጌሎቹ በ1824፥ ሐዲስ ኪዳን በ1829፥ መጽሐፉ በሙሉ በ1840 ታተመ። ከዚያ ወዲህ ክራፕፍና ሌሎችም አርመው ደጋግመው አሳትመውታል። ከብዙ ዘመን በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ የኢትዮጵያ ሊቃውንት አዲስ ትርጓሜ ሠሩ፤ ያም በሕዝቡ ዘንድ የ1954 ዓ.ም. ዕትም ተብሎ የታወቀው ነው።

አሁን አንባቢ ሆይ፥ ስለ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈ አንቀጽ ባገኘህ ጊዜ የአቡ ሩሚን ስም ፈልግ። ቆንስሉን፥ ገዢውን፥ አራሚውንና ማኅበሩን ጠርቶ አቡ ሩሚን «በአንድ ኢትዮጵያዊ ረዳትነት» ብሎ ቢያልፍ ያ ጽሑፍ ጐዶሎ ነው። አቡ ሩሚን ብቻ ጠርቶ ዐሥር ዓመት በሩን የዘጋውን ፈረንሳዊ ቢረሳ ደግሞ እርሱም ጐዶሎ ነው፤ ውለታን መርሳት የእኛ ሥርዐት አይደለም። ከዐረብ መመለሱንም መሰወር አይገባም። ግዕዙ ከጽርእ ነው ብለን በእውነት እንደ ተሟገትን ሁሉ፥ የመጀመሪያው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ መሠረቱ ዐረብ ነበር ብለን በእውነት እንናገራለን። የሚወደንን እውነት ተቀብለን የማይወደንን የምንጥል ከሆነ፥ ሚዛን ሳይሆን ወንፊት ይዘናል።

በሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎችም እንዲሁ ነው። ወንጌል በትግርኛ በደብተራ ማቴዎስ ዘዐድዋ ድካም ተመለሰ። በ1899 በሙሉ የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የኦነሲሞስ ነሲብ ሥራ ነው፤ በቋንቋው ጥራት የረዳችው አስቴር ጋኖም አብራ ልትጠራ ይገባታል።

4ኛ፤ ምን ያህል፥ በምን ልክ?

አራተኛው ሚዛን ልክ ነው። ብዙ መዛግብት የትርጓሜን ታሪክ በቍጥር ይጀምራሉ። ዛሬ በዓለም ከ7,000 የሚበልጡ ቋንቋዎች ሲኖሩ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ ከ700 በሚበልጡት ይገኛል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቍጥር የታሪክ ሰሙ እንጂ ወርቁ አይደለም። ከዚህም በኋላ አንዳንዱ ጽሑፍ ስለ ሉተር የ1534ቱ መጽሐፍ ቅዱስና በ1611 ስለ ታተመው የእንግሊዝ ንጉሥ ያዕቆብ ዕትም ገጽ በገጽ ላይ ይጨምርና፥ ስለ ቅብጥ፥ ስለ ሱርስት፥ ስለ አርመንና ስለ ግዕዝ አንዳንድ መስመር ሰጥቶ ያልፋል። የሉተርና የእንግሊዙ ሥራ በእውነት ታላቅ ነው፤ ሆኖም ሉተር ሲጽፍ የግዕዙ ወንጌል በቅዳሴ መነበብ ከጀመረ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ሆኖት ነበር። ርዝመትም ፍርድ ነው፤ ለማን ስንት መስመር እንደ ተሰጠ መቍጠር የጸሓፊውን ልብ ያሳያል።

የመጻሕፍቱም ልክ አለ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍትን ትቀበላለች። መጽሐፈ ሄኖክንና መጽሐፈ ኩፋሌን በአንድ ቃል «ተጨማሪ» ብሎ የሚያልፍ ጽሑፍ የትርጓሜን ትልቁን ምስጢር ስቶታል። ሁለቱም መጻሕፍት በሙሉ የተገኙት በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 የሄኖክን ብራናዎች ከኢትዮጵያ ይዞ ኤውሮፓ ሲገባ፥ የዚያ አገር ሊቃውንት መጽሐፉን የሚያውቁት ከጥቂት ጥቅስ ብቻ ነበር። በ1821 ሎውረንስ በእንግሊዝኛ አሳተመው። ከዚህም በኋላ ይህ የኢትዮጵያ መጽሐፍ ምን ያህል ጥንታዊ ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ግን በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የሄኖክ ቍራጮች በአራማይስጥ፥ የኩፋሌ ቍራጮችም በዕብራይስጥ ተገኙ፤ የሄኖኩ በ1976 ሚሊክ በሚባል ሊቅ ታተመ። ምንጩ ደርቆ ሳለ ውኃው በእኛ ማድጋ ተጠብቆ ኖሯል ማለት ነው። የምናከብረውን የኢዮቤልዩን ዘመን እየቈጠረ ታሪክን ከፍጥረት ጀምሮ የሚናገረው ያው መጽሐፈ ኩፋሌ መሆኑንም ልብ በሉ።

እንግዲህ ትርጓሜን የዋናው መጽሐፍ ጥላ ብቻ አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ አይበቃም። ጥላ አካሉ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ትርጓሜ ግን አካሉ ከጠፋ በኋላ ቆሞ ይመሰክራል።

5ኛ፤ የእኛ ፈንታ

እንግዲህ ሚዛኑ አራት ነው፤ ከምን ተመለሰ፥ ማን መሰከረ፥ በማን እጅ ተሠራ፥ በምን ልክ ተነገረ። በእነዚህ የተመዘነ ጽሑፍ ጥቂት ስሕተት ቢገኝበት ይታረማል፤ እነዚህን የናቀ ግን ዓመቱና ቍጥሩ ሁሉ ልክ ቢሆን እንኳ ታሪክ አይባልም። በየመዝገቡ ከሚገኙት ጽሑፎች ብዙዎቹ በኅትመት ዓመታትና በአሳታሚዎች ስም ጥንቁቆች ናቸው፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። የሚደክሙት ከኅትመት በፊት ያለውን ዘመን ሲናገሩ ነው፤ እዚያ ያለው ዕውቀት በብራና ጠርዝ፥ በገዳም ዕቃ ቤትና በመምህራን አፍ ነውና።

ይህ ነገር ወደ እኛ ያመለክታል። ስለ ቤቱ ያልተናገረ ሰው እንግዳ ስለ ቤቱ ሲናገር ሰምቶ ሊቈጣ አይገባውም። በየደብሩ ባሉት ብራናዎች መጨረሻ ላይ ማን እንዳጻፈው፥ ማን እንደ ጻፈው፥ በማን ዘመን እንደ ሆነ የሚናገር ማስታወሻ ይገኛል። እርሱን የሚያነብ ዓይን የግዕዝ ትምህርት ካለው ሰው በቀር ሌላ የለውም። ስለዚህ ለደብራችን ካህናት የማቀርበው አሳብ ይህ ነው፤ በዚህ የኢዮቤልዩ ዓመት የዕቃ ቤታችን መጻሕፍት አንድ በአንድ ይቈጠሩ፤ የመጨረሻ ገጻቸው ተነቦ በመዝገብ ይጻፍ፤ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችም ሁለት ሦስቱ ከመምህራን ጋራ ይቀመጡ። ልጆቹ የስልኩን ሥራ ያውቃሉ፤ መምህራኑ የብራናውን ሥራ ያውቃሉ። አቡ ሩሚና ፈረንሳዊው በሳምንት ሁለት ቀን ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ከፈጸሙ፥ እኛ በሳምንት አንድ ቀን ተቀምጠን የአንድ ደብር መጻሕፍትን ዝርዝር መፈጸም አያቅተንም።

ያን ጊዜ ከልጆቻችን አንዱ «መጽሐፋችን ከዐረብ ነውን?» ብሎ ሲጠየቅ፥ ሳይቈጣና ሳይፈራ ሁለቱን ሰላማ ለይቶ፥ ጰን አሳይቶ፥ የካሌብን ድንጋይና የገሪማን ብራና ጠርቶ ይመልሳል። እርሱ ራሱም ብዕር አንሥቶ የተሳሳተውን ያቀናል፤ እንደ አባ ተስፋ ጽዮንም የማያውቀውን ባዶ ቦታ ባዶ ነው ብሎ ይጽፋል።

 እግዚአብሔር የደከሙትን ተርጓሚዎች ሁሉ፥ ስማቸው የተጻፈውንም ስማቸው የጠፋውንም፥ በመንግሥቱ ያስባቸው። አሜን።